ታሪኩን መልሶ መተረክ ትንተና አይደለም፦ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጭብጦች ላይ ድርሰት ስንጽፍ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ብዙዎቻችሁ፣ በተለይ አዲስ ገቢዎች፣ ደጋግማችሁ ያነሳችሁትን ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። «መምህሩ በአንድ ረጅም ልቦለድ ጭብጥ ላይ ትንተና ጻፉ ብሎናል፤ መጽሐፉን አንብበነዋል፤ ግን ምን ብለን እንጻፍ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የምህንድስና፣ የጤናና የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎችም የቋንቋ ኮርስ ሲወስዱ ያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኛ ቁጥርና ሥዕል ለለመድነው ደግሞ ሥራው ጭጋግ ውስጥ እንደ መሄድ ሆኖ ይሰማናል። መልሱ ትክክል ይሁን ስህተት በምን ይታወቃል?

የሚታወቅበት መንገድ አለ። በደፈናው እንዳንናገር አንድ መጽሐፍ እንያዝና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንሥራበት። የመረጥነው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አብዛኞቻችን በስሙ እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችንም በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ በጆሯችን ሰምተነዋል።

በመጀመሪያ፦ ርዕሰ ጉዳይና ጭብጥ አንድ አይደሉም

«የመጽሐፉ ጭብጥ ፍቅር ነው» ብሎ የጀመረ ድርሰት ከመነሻው ይቆማል። ፍቅር ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ መጽሐፉ የሚያነሳው ነገር ማለት ነው። ጭብጥ የሚባለው ግን መጽሐፉ ስለዚያ ነገር የሚለው ነው። ድህነት፣ ሥልጣን፣ ሃይማኖት፣ የዘር ሐረግ እነዚህ ሁሉ ርዕሰ ጉዳዮች ናቸው። «የሰው ክብር በትውልዱ በሚለካበት ቦታ እውነተኛ ፍቅር መኖሪያ ያጣል» ስንል ግን ወደ ጭብጥ ተሻግረናል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ሁለት ቀላል ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፦ ያልኩትን አንድ አስተዋይ አንባቢ «አይ፣ አልስማማም» ሊለኝ ይችላል? ሁለተኛው፦ ያልኩትን ለማስረዳት መጽሐፉን መግለጥ ያስፈልገኛል? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ የሚጻፍ ነገር አግኝተናል። «ፍቅር መልካም ነው» የሚለውን ማንም አይቃወመውም፤ ለማስረዳትም መጽሐፍ አያስፈልገውም። ስለዚህ ለድርሰት አይሆንም።

ንባቡ ሁለት ጊዜ ነው

የመጀመሪያው ንባብ ለታሪኩ ነው። የማንኩሳው የእነ ቦጋለ መብራቱ ልጅ በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይሰጣል፤ ይማራል፤ ዕውቀቱ ታይቶ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይደረጋል፤ መምህርና ተማሪ ይፋቀራሉ፤ የባላባት ልጅና የድሃ ገበሬ ልጅ ናቸውና መንገዱ ይዘጋባቸዋል፤ መጨረሻቸውም ርዕሱ እንደሚለው መቃብር ይሆናል። ይህን ሳንሳቀቅ፣ ሳንቆም፣ እንደ ማንኛውም አንባቢ ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ንባብ ግን እርሳስ ይዞ ነው። አንድ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ በአንዱ ገጹን፣ በሁለተኛው የሆነውን ነገር፣ በሦስተኛው ነገሩ የሚያሳየውን ጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ምንም አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አለማደባለቅ ነው። «ፊታውራሪ ለሴት ልጃቸው የመጣውን ጠያቂ በዘሩ ምክንያት መለሱት» የሆነው ነገር ነው። «ፊታውራሪ ለዘራቸው ያላቸው ኩራት የገዛ ልጃቸውን ያለ ትዳር አስቀራት» ደግሞ የሚያሳየው ነው።

የሬዲዮው ትረካ ለመጀመሪያው ንባብ ጥሩ አጋዥ ነው፤ ሁለተኛውን ንባብ ግን አይተካም። ገጽ የለውምና ማስረጃ አድርገን ልንጠቅሰው ያስቸግራል። በዚያ ላይ የተራኪው ድምፅ ራሱ ትርጓሜ ነው፤ ማንን እንደምንወድና ማንን እንደምንጠላ አስቀድሞ ይነግረናል።

አቋማችን ከጥያቄ ይወለዳል

ከማስታወሻችን ውስጥ አንድ የሚከነክን ጥያቄ እንምረጥ። ለምሳሌ፦ በዛብህንና ሰብለን የለያያቸው ማን ነው?

ቶሎ የሚመጣው መልስ «ፊታውራሪ መሸሻ» ነው። ግን ትንሽ እንቆይበት። ፊታውራሪ ልጃቸውን አይጠሉም። ክፉ ለማድረግ አስበው ሳይሆን ክብሯን የጠበቁ መስሏቸው ነው ጠያቂውን ሁሉ የሚመልሱት። የጠያቂው ዘር ከእሳቸው ዘር አይተካከልም በማለት ዓመታት ያልፋሉ፤ የሰብለም ዕድሜ ይገፋል። ስለዚህ ፊታውራሪ እስር ቤቱን የሚጠብቁ ብቻ አይደሉም፤ ራሳቸውም ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ ስንደርስ መልሳችን ይለወጣል። የመጀመሪያ አቋማችንን እንዲህ ልንጽፈው እንችላለን፦

«በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የፍቅረኞቹ ጠላት አንድ ክፉ ሰው ሳይሆን ሰውን በትውልዱ የሚመዝን ሥርዓት ነው፤ ይህ ሥርዓት ከታች ያሉትን ብቻ ሳይሆን ከላይ የተቀመጡትንም ይጎዳል።»

ይህ አቋም ሊከራከሩት የሚችሉት ነው። መጽሐፉን መግለጥም ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደምንፈልግ ይነግረናል፤ ከታች ያሉት እንዴት እንደተጎዱ፣ ከላይ ያሉትም እንዴት እንደተጎዱ ማሳየት ይጠበቅብናል። ጥሩ አቋም የድርሰቱን ክፍሎች በውስጡ ይዞ ይመጣል።

ያለ ደሊል አይሆንም

መድረሳ የተቀመጥን ሰዎች ይህን ክፍል ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። ነሕው ስንማር «ዘይድ መጣ» በሚለው ዓረፍተ ነገር የዘይድ መጨረሻ ለምን ዶማ ሆነ ተብለን ስንጠየቅ «እንደዚያ ስለሚነበብ ነው» የሚል መልስ አያሳልፈንም። «ድርጊቱን የፈጸመው እሱ ስለሆነ፣ ፋዒል ስለሆነ» ማለት አለብን። ኪታብ ላይ ሸርህ ሲሰጥም ሸኹ የመትኑን ቃል ያነባሉ፣ ይገልጣሉ፣ ለምን ያ ቃል እንደተመረጠ ያስረዳሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ትንተና ማለት ይኸው ነው። ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ ምክንያቱ። የልቦለዱን ገጽ ስንገልጥ ይህን ልማድ በር ላይ ጥለነው መግባት የለብንም።

ለአቋማችን ሦስት ማስረጃዎችን እንውሰድ።

የመጀመሪያው የሰብለ ወንጌል ያለ ትዳር መቆየት ነው። ይህ ሥርዓቱ የራሱን ልጅ እንዴት እንደሚጎዳ ያሳያል። ሀብትም፣ ስምም፣ አገልጋይም አላት፤ የራሷን ሕይወት የመወሰን መብት ግን የላትም። በኋላ በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ስትወጣ የወንድ መስላ መጓዟን ልብ በሉ። በራሷ ስምና በራሷ ልብስ የምትሄድበት መንገድ አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው የባላገሮቹ እምቢታ ነው። የሚጠየቁት ነገር የበዛባቸው ገበሬዎች በአበጀ በለው መሪነት አንሰጥም ይላሉ። ፊታውራሪ በኃይል ሊያስገብሩ ይዘምታሉ፤ ነገር ግን የሚማረኩት እሳቸው ይሆናሉ። ብዙ ተማሪዎች ይህን ክፍል ከፍቅር ታሪኩ ጋር ስለማይያያዝላቸው ይዘሉታል። በእኛ አቋም ግን ከሁሉም ይበልጥ ያስፈልገናል። ልጃቸውን የሚያስቀረውና ገበሬውን የሚያስመርረው አንድ አስተሳሰብ ነው፤ «እኔ በትውልዴ ከሌላው እበልጣለሁ» የሚለው። የፍቅሩ ታሪክና የግብሩ ታሪክ የሚገናኙበት ሥር እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የጉዱ ካሳ ንግግር ነው፤ ለምህንድስና ተማሪ ደግሞ የተዘጋጀ ስጦታ ይመስላል። ጉዱ ካሳ የኅብረተሰቡን አቋም ሕይወት እንደሌለው የድንጋይ ካብ አድርጎ ይመስለዋል፤ የታችኛው የላይኛውን ተሸክሞ እንዲኖር ተደርጎ የተሠራ፣ ነገር ግን የታችኛው ከጊዜ ብዛት ማፈንገጡ፣ ያኔም የላይኛው መውደቁ የማይቀር ካብ።

ምሳሌውን እንደ ባለሙያ እንየው። በካብ ውስጥ ጭነቱ ሁሉ የሚወርደው ወደ ታች ነው። ከላይ የተቀመጠው ድንጋይ የሚሸከመው የለም፤ ከሥር ያለው ግን የሁሉንም ይሸከማል። ሆኖም ከፍ ያለው ድንጋይ በራሱ አልቆመም፤ ቁመቱን ያገኘው ከታችኛው ነው። ስለዚህ ጉዱ ካሳ የሚናገረው የላይኞቹን ክፋት አይደለም። አሠራሩ ራሱ መውደቂያውን በውስጡ ይዞ የተሠራ መሆኑን ነው። ይህን ከባላገሮቹ እምቢታ ጋር አጋጥሙት፤ የታችኛው ድንጋይ ሲያፈነግጥ የላይኛው ምን እንደሚሆን በንግግር የተባለውን ታሪኩ በድርጊት ያሳየናል። አንድ ማስረጃ ከሌላ ማስረጃ ጋር እንዲህ ሲገጥም ድርሰቱ ይጠነክራል።

«ጉዱ» የሚለውን ቅጥያም አትለፉት። ሰውየው ካሳ ነው፤ «ጉዱ» ያለው አካባቢው ነው። ካቡ መሰንጠቁን ያየው ሰው እንደ ዕብድ ይቆጠራል፤ ያላዩት ደግሞ ጤነኛ ናቸው። በአንዲት ቃል ላይ ብቻ አንድ ሙሉ አንቀጽ መጻፍ ይቻላል።

አንድ አንቀጽ ምን ይመስላል?

ለናሙና ያህል ይኸው፦

«ሥርዓቱ የበላዮቹን የሚጎዳው በመጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የሰብለ ወንጌልን ጠያቂዎች የሚመልሱት በጠባያቸው ወይም በሀብታቸው ሳይሆን በዘራቸው ነው። በዚህም ምክንያት አባት ለልጁ ክብር ብሎ የሚያደርገው ነገር የልጁን ዕድሜ ይበላል። ደራሲው ፊታውራሪን ጨካኝ አባት አድርጎ ቢስላቸው ኖሮ ጥፋቱ የአንድ ሰው ይሆን ነበር፤ ልጃቸውን የሚያከብሩ አድርጎ ስለሳላቸው ግን ጥፋቱ ክብርን በዘር ከሚለካው ልማድ ላይ ይወድቃል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው አንቀጹ የሚያስረዳውን ይናገራል። ሁለተኛው ማስረጃውን ያመጣል፤ በእናንተ ድርሰት እዚህ ላይ የገጽ ቁጥር ይገባል። ሦስተኛው ማስረጃው ምን እንደሚያሳይ ይገልጻል። አራተኛው ደግሞ ደራሲው በሌላ መንገድ ቢጽፈው ምን ይለወጥ እንደነበር ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከተረት ወደ ትንተና የሚያሻግር ድልድይ ነው። «ለምን እንዲህ አደረገው? በሌላ መንገድ ቢሆን ምን ይጎድል ነበር?» እያላችሁ ጠይቁ።

የሚቃወመንን እንስማ

አንድ ጎበዝ ተማሪ ተነስቶ እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «በዛብህን ከሰብለ የለየው የዘር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወላጆቹ የተሳሉት ስለት አለ። የገዛ ሕሊናው ያስጨንቀዋል። ይህን የት ታስገቡታላችሁ?»

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ሸሽተን ማለፍ አይገባም። ስለቱን እንመርምረው። የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ያነሳሳቸውም ለልጃቸው ሕይወት መሳሳታቸው ነው። በዛብህ ራሱን ሳያውቅ የሕይወቱ መንገድ ተወስኖ ቆየው። ሰብለስ? እሷም ራሷን ሳታውቅ ለማን እንደምትገባና ለማን እንደማትገባ በዘሯ ተወስኖ ቆይቷታል። አንዱ ድሃ፣ አንዷ ባላባት፤ ሁለቱም ግን በሚወዷቸው ሰዎች፣ ሳይጠየቁ፣ አስቀድሞ ተወስኖባቸዋል።

እንግዲህ የተቃዋሚያችን ጥያቄ አቋማችንን አላፈረሰውም፤ አሰፋው እንጂ። አሁን እንዲህ ልናስተካክለው እንችላለን፦ «ልቦለዱ የሚያሳየው ሰው ራሱን ከማወቁ በፊት፣ በዘርም ሆነ በስለት፣ የሚወሰንበትን ሕይወት ዋጋ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት የተወሰነባቸው ብቻ ሳይሆኑ የወሰኑትም ጭምር ናቸው።» ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ ከመጽሐፉ ብዙ ነገር ይሸከማል። ስለዚህ አቋማችሁን በመጀመሪያው ቀን ጽፋችሁ አትቆልፉት። የመጨረሻውን አንቀጽ ከጻፋችሁ በኋላ ወደ መግቢያው ተመልሳችሁ አስተካክሉት።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። መጽሐፉ የታተመው አብዮቱ ከመፈንዳቱ 8 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ «ደራሲው አብዮቱን ተነበየ» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። በሁለት ዓረፍተ ነገር ማንሳት ይቻላል፤ ድርሰቱ ግን ወደ ታሪክ ትምህርት እንዳይዞር ጠብቁት። የተጠየቅነው መጽሐፉ ምን እንደሚልና እንዴት እንደሚል ነው።

የሌላ እምነት ዓለም ውስጥ ስናነብ

ይህን ጥያቄ በግልጽ የሚያነሱ ወንድሞችና እህቶች ስላሉ በግልጽ እንመልስ። ልቦለዱ በደብተራ፣ በቅኔ፣ በጾምና በገዳም የተሞላ የጎጃም ዓለም ነው። በዚህ ላይ የሙስሊም ተማሪ ሲጽፍ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንዱ ያን ሁሉ እየዘለለ የፍቅሩን ታሪክ ብቻ ይጽፋል፤ ስለዚህ ስለቱ ሳይገባው ይቀራል። ሌላው ድርሰቱን ፈትዋ ያደርገዋል፤ ገጸ ባሕርያቱን እየፈረደ ይሄዳል። ሁለቱም የተጠየቀውን አልመለሱም። ከእኛ የሚፈለገው ኢንሷፍ ነው፤ መጽሐፉ ያለውን ያለ ማጉደልና ያለ መጨመር መናገር። መረዳት መቀበል አይደለምና ዐቂዳችን ላይ የሚመጣ ነገር የለም።

ያልገባንን ቃል የዶርም ጓደኛን መጠየቅ ነው። ስለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ደብተራ ከቄስ በምን እንደሚለይ አንድ ኦርቶዶክስ ጓደኛ በአምስት ደቂቃ ያስረዳናል፤ ደስ እያለውም ነው። ከዚያ ስንመለስ ደግሞ እንግዳ የመሰለን ነገር ያን ያህል እንግዳ አለመሆኑን እናያለን። ከቤቱ ርቆ፣ የሰው እጅ እያየ፣ ዕውቀት ፍለጋ ከመምህር መምህር የሚዞረው የቆሎ ተማሪና የእኛ ደረሳ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም። ስለ በዛብህ የትምህርት ሕይወት የደረሳ ልጅ የሚጽፈው ነገር ሌላው ያላየውን ሊያይ ይችላል። ይህን ዕድል አንጣለው።

አማና

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በዚህ መጽሐፍ ላይ የተዘጋጀ ድርሰት በቴሌግራም ይዞራል። ጥያቄውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መስጠትም የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኗል። «ዋና ኮርሳችን አይደለም፣ ምን አለበት?» የሚል ድምፅ በመካከላችን ይሰማል።

አለበት። በስማችን የምናስገባው ወረቀት «ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ» የሚል ምስክርነት ነው። የሌላን ሰው አሳብ ስንወስድ ስሙን እንጠቅሳለን፤ የመጽሐፉን ቃል ስንወስድ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተን ገጹን እንጽፋለን፤ በራሳችን አባባል ስንገልጸውም ገጹን አንተውም። ንግግርን ከባለቤቱ ጋር ማያያዝ በእኛ ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም፤ ማን ከማን እንደሰማ መዝግቦ የማቆየት ትልቅ ልማድ ያለን ሰዎች ነን።

ከዚያም በላይ የሚቀርብን ነገር አለ። ነገ የሕንፃ ሪፖርት፣ የሕመምተኛ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ የምንጽፍ ሰዎች ነን። ያየነውን ካየነው በላይ ሳናደርግ፣ ምክንያቱን ይዘን፣ ሌላው ሰው እንዲያጣራው አድርገን የመጻፍ ልምድ የምናገኘው በእንዲህ ዓይነት ድርሰት ነው። የተገለበጠ ወረቀት ውጤት ያመጣ ይሆናል፤ ይህን ልምድ ግን አያመጣም።

ከማስገባታችሁ በፊት

ረቂቁን አንድ ሌሊት አሳድሩትና ጠዋት እነዚህን ጠይቁ፦

• አቋሜን መጽሐፉን ላላነበበ ጓደኛ በአንድ ትንፋሽ መንገር እችላለሁ?
• እያንዳንዱ አንቀጽ አቋሜን ያግዛል ወይስ ታሪኩን ብቻ ይቀጥላል? «ከዚያ በኋላ» የሚለው ቃል ከበዛ ትረካ እየጻፍኩ ነው።
• ማስረጃ ሁሉ ገጽ አለው?
• የሚቃወመኝን ሐሳብ አንድ ቦታ በቅንነት አንስቻለሁ?
• «ታላቁ ደራሲ»፣ «ድንቅ መጽሐፍ» የሚሉ ውዳሴዎች ቢወጡ የሚጎድል ነገር አለ? ከሌለ ይውጡ።
• መደምደሚያው መግቢያውን ከመድገም አልፎ፣ አንባቢው አሁን መጽሐፉን በምን ዓይን እንደሚያየው ይናገራል?

ከዚያ ለአንድ ጓደኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ምላስ የሚያደናቅፈው ዓረፍተ ነገር ዓይንንም ያደናቅፋል።

ሌላ መጽሐፍ የተሰጣችሁም በዚሁ መንገድ ሂዱ፤ ጥያቄ፣ አቋም፣ ደሊል፣ ተቃውሞ፣ ማስተካከል። መጻሕፍቱ ይለያያሉ፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ ያወቅነውንም በቅንነት የምንጽፍ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።